ለድመት የሰው ኪኒን አይሰጥም፣ እና ሌሎች መልሶች

ይህ አምድ የበግና የላም አምድ ነበር። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ በግ የማይጽፍ የእንስሳት ሐኪም ምን ሊባል ነው? ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግን በአብዛኛው ስለ ድመት ናቸው። ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበር። ድመት አይጥ ጠባቂነቷ እየቀረ የቤት ልጅ እየሆነች ነው። እሰየው። ችግሩ ስትታመምም እንደ ቤት ልጅ ማከማችን ነው። ኮመዲኖው ይከፈትና የሰው ኪኒን ይወጣል። ካልሆነ ደግሞ «ድመት ራሷን ታክማለች» ብለን ጥግ ይዛ እንድትቆይ እንተዋታለን። ሁለቱም ይገድላታል።

ዛሬ አምዱን ለድመት ለቅቄያለሁ። ባለ በጎች፣ ታገሱኝ።

ያምጣል፣ ይጮሃል፣ ምንም አይወጣውም

*ዶክተር፣ እንደምን ሰነበትክ? ድመቴ ወንድ ነው፣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ተኮላሽቷል። ከትናንት ጀምሮ የአመድ ካርቶኑ ውስጥ እየገባ ቁጢጥ ይላል። ያምጣል፣ ይጮሃል፣ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ከዚያ ይወጣና ብልቱን ይልሳል። እናቴ ሆድ ድርቀት ነው ብላ ተልባ አጠጣችው። ሌላ ምን ልስጠው? (ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን)*

ለዚህ ጠያቂ መጽሔቱ እስኪታተም አልጠበቅሁም። ስልኩን ጽፎ ስለነበር ወዲያው ደወልኩለት። «ሌላ ምንም አትስጠው፤ ይዘኸው ና» አልኩት። ድመቱን ካርቶን ውስጥ አድርጎ፣ ካርቶኑን በነጠላ አስሮ፣ በባጃጅ ከተፍ አለ።

ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ሆዱን ዳሰስኩት። ፊኛው ብርቱካን አክሎ ድርቅ ብሏል። ብልቱ ጫፍ ላይ ነጭ ደቃቅ አሸዋ ተሰንቅሯል። ድመቱ አልነከሰኝም፣ አልቧጨረኝም። ይሄ ጨዋነት አይደለም። እንዲህ የሚያመውን ሆዱን ነክተውት ዝም የሚል ድመት አቅም አልቆበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጫፉ ላይ በጣም ጠባብ ነው። ፊኛው ሲቆጣ ንፍጥ መሳይ ነገርና ደቃቅ ጠጠር ይጋገርና ያችን ጠባብ ቦታ ይደፍናታል። ሽንት መውጫ ያጣል። ኩላሊት ሊያስወግደው የሚገባው ቆሻሻ ተመልሶ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከሁሉም የከፋው ፖታሲየም ነው፤ ሲበዛ ልብን ቀጥ ያደርጋል። ሙሉ በሙሉ የተደፈነበት ድመት ካልታከመ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል። ቶሎ ከደረሰ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ስለዚህ «እስከ ነገ እንየው» የሚባልበት በሽታ አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይቀሰቀሳል።

ሕክምናው ድመቱን አደንዝዞ ቀጭን ቱቦ ማስገባት፣ ድፍኑን በንጹሕ የጨው ውሃ አጥቦ መክፈት፣ ከዚያም በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ነው። ቤት ውስጥ ሆዱን ጨምቆ ሽንት ማስወጣት አይሞከርም። የተወጠረ ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል። የጠባሴው ድመት ተከፍቶለት ቱቦው ለጥቂት ቀን ተተወለት። አሁን ደህና ነው። ደህና ነው ስል ግን በሽታው ተመላልሶ የሚመጣ መሆኑን ባለቤቱ ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ።

እናትየው በተልባው አይወቀሱ። ሆዱ የደረቀ ድመትም ያምጣል። መለያው አመዱ ነው። ድመት የሸናበት አመድ ይረጥባል፣ ይጓጉላል። አመዱን ጠዋት ለውጡና ከሰዓት እዩት። ወንዱ ደጋግሞ ገብቶ አመዱ ደረቅ ከሆነ ሌላ ምርመራ አትጠብቁ። ሴቷም ፊኛዋ ሲቆጣ ታምጣለች፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ትሸናለች፣ አንዳንዴ ደም ይቀላቅላል። የሷ ቧንቧ ሰፋ ስለሚል የመደፈኑ ነገር ብርቅ ነው፤ ቢሆንም ትታይ።

እንዳይመለስ ዋናው ነገር ውሃ ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ብዙ አትጠጣም፤ ውሃዋን የምታገኘው ከምትበላው ሥጋ ነው። ደረቁን የሱቅ ምግብ ብቻ የሚበላ ድመት ሽንቱ ይወፍራል። ደረቁን በለብ ባለ ውሃ አርሱለት። እኛ ሰፈር ደግሞ አንድ ጣጣ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ደጅ ያደረ ውሃ ላዩ በረዶ ይሠራል። ጠዋት የድመቱን ሳህን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃውን ቤት አስገቡት፣ ለብ አድርጉት፣ ከአመዱ ካርቶን አርቃችሁ በሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡት። ሽንት ቤቱ አጠገብ ውሃ መጠጣት ማን ይወዳል?

በኪሎዋ አስልቼ ብሰጣትስ?

*ድመቴን ባጃጅ ነካት መሰለኝ ታነክሳለች። እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ለሕፃን በኪሎ እንደምናሰላው አስልቼ ፓራሲታሞል ብሰጣት ምን ይላሉ? (ከሸዋ ሮቢት)*

እግዚአብሔር ይስጥሽ ቀድመሽ ስለጠየቅሽ። አይሆንም። ሩብም አይሆን፣ ሽሮፕም አይሆን። ለድመት ደህና የሚባል የፓራሲታሞል መጠን የለም።

አንቺ ባለሙያ ስለሆንሽ ምክንያቱን ልንገርሽ። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን ከሌላ ነገር ጋር አጣብቆ በሽንት የሚያስወጣበት መንገድ አለው። ድመት ይህ መንገድ የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መርዝ ይቀየርና ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን አንድ ድመት ለመግደል ይበቃል። ሰጥቶ የተጸጸተ ሰው ካለ ምልክት አይጠብቅ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለሰው የሚሰጠው ማርከሻ አሴቲልሲስቴይን ለድመትም ይሠራል። የኪኒኑን ሽፋን ይዛችሁ ሩጡ።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ያው ናቸው፤ ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጎዳሉ። ለድመት የሚሆን የሕመም ማስታገሻ አለ፤ መጠኑን ሐኪም ነው የሚያዘው።

ስለ እግሯ ደግሞ ባጃጁን ከመክሰስሽ በፊት ፀጉሯን ገልጠሽ እይ። ድመቶች ሲጣሉ ጥርስ ትንሽ ቀዳዳ ትቶ ይገባል። ቀዳዳው ላዩ ቶሎ ይድናል፣ ውስጡ መግል ይቋጥራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ታነክሳለች። ይህ ከሆነ መግሉ ተከፍቶ መታጠብና አንቲባዮቲክ ማግኘት አለበት። መታጠቢያው ንጹሕ ለብ ያለ የጨው ውሃ ነው። ዴቶልና ክሬኦሊን አትቀቢያት። ቁስሏን ትልሰዋለች፣ የላሰችው ይመርዛታል። እግሯ ተንጠልጥሎ ከቀረ ወይም ቁና ቁና የምትተነፍስ ከሆነ ግን ባጃጁ ነው። ድመት እንደ ውሻ አለክልካ አትቀዘቅዝም፤ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ነገሩ ከባድ ነው።

እማሆይና ድመታቸው

*ይህን የምጽፈው ለአያቴ ነው። አያቴ መነኩሲት ናት፤ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ድመቷ እሷ የምትበላውን ነው የምትበላው፤ ሽሮ በእንጀራ፣ አንዳንዴ ምስር። «በጾም ቤቴ ሥጋ አይገባም» ትላለች። ድመቷ ከሳች፣ ፀጉሯ ሻከረ፣ ሰሞኑን ደግሞ በር ትገጫለች። (ከአንኮበር)*

እማሆይ፣ ይባርኩኝ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የሚለውን ተረት እርስዎ ፊት መጥራት ድፍረት ነው። ግን ለዚች ድመት ልከራከርላት ነውና ይፍቀዱልኝ። ዓመሏን ያልረሳችው ስላልቻለች ነው። ላም ሣር በልታ ሥጋ ትሠራለች። ሰው ባቄላና ምስር በልቶ ይኖራል። ድመት አትችልም።

ታውሪን የሚባል ነገር አለ። ያለው ሥጋ ውስጥ ነው። ሰውና ውሻ ከሌላ ምግብ ይሠሩታል፤ የድመት ሰውነት ግን የሚበቃትን ያህል መሥራት አይችልም። ታውሪን ለረጅም ጊዜ ያጣች ድመት ዓይኗ ከውስጥ እየሞተ ይሄዳል፣ ልቧም ይላላል። ልቡ ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል። የጠፋው የዓይን ብርሃን አይመለስም። በር መግጨቷን ሳነብ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። ያረጀች ከሆነች የደም ግፊትም ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህ ይዟት ይምጣ፣ ልያት።

ሌላው ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። የበሰለም፣ የደረቀም፣ የተፈጨም ያው ነው። «ያለ ሽንኩርት ነው የሠራሁት» እንዳይሉኝ፤ የሽሮው ዱቄት ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርቱ አብሮ ተፈጭቷል። በርበሬውም እንደዚያው። አንድ ጉርሻ አይገድላትም፤ ዕለት ዕለት ሲሆን ግን ደሟ እያለቀ ይሄዳል። ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን ማየት ነው። ሮዝ መሆን አለበት። ከነጣ ደም አንሷታል።

እንግዲህ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። እርስዎ ደግሞ ከዓመቱ የሚበዛውን ይጾማሉ። ድመቷ አይጥ ማደን ከቻለች ራሷን ትደጉማለች፤ አይጥ ሙሉ ምግብ ነው። ዓይኗ ከደከመ ግን አታድንም።

ቤትዎን ሳናረክስ የምናደርገው ይኸው። ልጁ በራሱ ቤት፣ በራሱ ድስት፣ የበሬ ልብና ቁርጥራጭ ሥጋ ያለ ጨው ያለ ሽንኩርት ይቀቅል። መረቁን አይድፋው፤ ታውሪኑ ወደ ውሃው ይወጣል። በዕቃ ይዞ ይምጣና ከደጃፍ ውጭ ያብላት። ልብ ከሁሉ ይሻላል። ሳንባ ብቻ አይበቃም፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ጉበት በሳምንት አንዴ በቂ ነው፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ ይከማችና አጥንቷን ያስራል። የተቀቀለ እንቁላልም ደህና ነው። ጥሬ ሥጋ ግን አይሁን። ወተት ለአዋቂ ድመት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ነው። ለፋሲካ ይሁንላት ካሉ በትንሹ።

አንድ ነገር ልጨምር። ድመቷ ምግብ ጨርሶ ካቆመች ሁለት ቀን አይጠበቅም። በተለይ ወፍራም የነበረች ድመት ሳትበላ ስትውል ስታድር የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይወርድና ሌላ በሽታ ይሆናል። ድመት አትጾምም።

የበጎቹ መድኃኒት ከተረፈ

*በጎቹን ከቅማል ስንረጭ ዲያዚኖን ይተርፈናል። ድመታችን ቁንጫ ወሯታል። ቀጭን አድርገን በጥብጠን ብናጥባትስ? ጎረቤት ደግሞ ላምባ ቀቧት አለን። (ከመሐል ሜዳ)*

ሁለቱም ይቅር። ዲያዚኖን በጉን የማይገድለው በጉ ስለማይልሰው ጭምር ነው። ድመት ገላዋን በምላሷ ነው የምታጥበው። የተቀባችውን ሁሉ ትበላዋለች። ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ዓይኗ ብሌኑ ይጠባል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ቀድሞ የተቀባች ካለች ጓንት አድርጋችሁ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቧት፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጧት። ማርከሻው አትሮፒን አለን። ላምባም ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ስትልሰው ሳንባዋ ይገባል።

ለውሻ የተሠራ የቁንጫ ጠብታም ለድመት አይሆንም። ፐርሜትሪን ያለበት ብዙ ነው፤ ፐርሜትሪን ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል። ዕቃው ላይ የድመት ሥዕል ከሌለ አትግዙ። ፊፕሮኒል ያለበት ለድመት የተሠራ ጠብታ ካገኛችሁ እሱ ጥሩ ነው፤ ማጅራቷ ላይ፣ ምላሷ የማይደርስበት ቦታ ይንጠባጠባል። ካላገኛችሁ ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ማበጠሪያ ያዙ። በየቀኑ አበጥሯት፣ የያዛችሁትን የሳሙና ውሃ ውስጥ ጣሉት።

ድመቷን ብቻ ማከም ግን ውሃ ወቀጣ ነው። የቁንጫ ዕንቁላል ከድመቷ ላይ ይራገፋል። መደቡ ስንጥቅ ውስጥ፣ ባናው ውስጥ፣ ምንጣፉ ሥር ነው የሚፈለፈለው። የምትተኛበትን ጨርቅ በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ባናውን ፀሐይ ላይ አስጡ፣ ወለሉን በየቀኑ ጥረጉ፣ ጥራጊውን አቃጥሉ።

ቂጧ አካባቢ ወይም የተኛችበት ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚላወስ ነገር ካያችሁ የኮሶ ትል ነው። ቁንጫውን ስትውጥ ነው የሚይዛት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ቁንጫው ካልጠፋ ግን ይመለሳል። የእናታቸውን ወተት የሚጠቡ ልጆቿ ደግሞ ወስፋት ይዟቸው ሊሆን ይችላል፤ በወተቱ ይተላለፋል። ሆዳቸው ተነፍቶ ጀርባቸው የከሳ ከሆነ አምጧቸው። ብዙ ቁንጫ ያለበት የድመት ልጅ በደም ማነስ ብቻ ይሞታል። ድዱን እዩ።

አማቴ ድመቷን አስወጪ አሉኝ

*የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ «የድመት ፀጉር ፅንስ ያስወርዳል፣ ድመቷን ለሰው ስጪ» አሉኝ። እውነት ነው? (ከደብረ ሲና)*

ፀጉሯ አይደለም። አማትሽ የሰሙት ነገር ግን መሠረት አለው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ። በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች እናት ፅንሷ ሊጎዳ ይችላል። ይህ ተሕዋስ ዕንቁላሉን የሚጥለው በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ዝርዝሩን ልብ በይ። ድመቷ ዕንቁላሉን የምትጥለው በአብዛኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ነው። የወጣው ዕንቁላል ደግሞ ወዲያው አይዝም፤ ለመብሰል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ አመዱ በየቀኑ ከተደፋ አደጋው በጣም ይቀንሳል። የሚደፋው ባልሽ ይሁን። ዘጠኝ ወር አመድ ደፍቶ የሞተ ባል የለም። እሱ ከሌለ ጓንት አድርጊ፣ ከዚያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ድመቷን መንካት፣ ማቀፍ ችግር የለውም። አማትሽ ግን ድመቷን አስወጪ ብለው ክትፎውን በለብለብ ካቀረቡልሽ እዚያ ላይ እንጣላለን። ሰው በዚህ ተሕዋስ ከሚያዝባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ጥሬ ሥጋ ነው። እስክትወልጂ ጥሬም ለብለብም ይቅር። ሰላጣና ጎመኑን በደንብ እጠቢ፤ ጓሮ ስትቆፍሪ ጓንት አድርጊ፤ የሰፈር ድመት ሁሉ እዚያ ነው የሚጸዳዳው። በሀገራችን ብዙ ሰው ሳያውቀው ቀድሞ ተይዞ ያለፈበት ነው። የእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ስለ ደም ምርመራው ጠይቂ።

ድመቷ ቤት ትቀመጥ፣ የተቀቀለ ትብላ።

ልጁን የሰፈር ድመት ነከሰችው

*የሰባት ዓመት ልጄን የማናውቃት ድመት እጁን ነከሰችው። ትንሽ ቀዳዳ ናት። የውሻ እንጂ የድመት ንክሻ ምንም አይልም አሉን። ጸበል ወስደነዋል። (ከዓለም ከተማ)*

ይሄንንም በስልክ ነው የመለስኩት። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ይይዛታል፣ ድመትም ታስተላልፋለች። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። ሰዓት አይታችሁ፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሁሉም ሰው በሁለት ደቂቃ ያቆማል። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ቅጠል አይለጠፍበት፣ በርበሬ አይነስነስበት። ጸበሉን አልከለክልም። ጸበሉም ክትባቱም አብረው ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ድመቷን አትግደሏት። ከተቻለ ተይዛ፣ ታስራ 10 ቀን ትታይ። በነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች ስትነክሰው በምራቋ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፤ ጤና ባለሙያው ክትባቱን ሊያቋርጠው ይችላል። እስከዚያ ግን ክትባቱ ይጀመራል እንጂ አይጠበቅም። የጠፋች ወይም የሞተች እንደሆነ ንገሯቸው። ለማዳ የነበረች ድመት ድንገት ሰው ላይ ከዘለለች፣ ድምጿ ከተለወጠ፣ ለሃጭ ከጣለች፣ ከተንገዳገደች ራቁ፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ተናገሩ። የራሳችሁን ድመት በሦስት ወሯ አስከትቡ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገማል።

ከአፏ ክር ተንጠልጥሏል

*እናቴ ሱፍ ትፈትላለች። ድመቷ በልቃቂቱ ስትጫወት ክሩን ዋጠችው። ጫፉ ከአፏ ይታያል። ልሳበው? (ከሞላሌ)*

እንዳትስበው! ክሩ አንድ ጫፉ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ላይ ተይዞ ሌላው አንጀቷ ውስጥ ወርዶ ይሆናል። አንጀት ክሩ ላይ ይሰበሰባል፤ ስትስበው ክሩ አንጀቱን ይቆርጠዋል። በቂጧ ቢወጣም አይሳብም። ማስታወክ ከጀመረች፣ ምግብ እንቢ ካለች፣ አንድ ቦታ ተኮራምታ ከተቀመጠች ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋት ይችላል። አፏን ከፍተህ ምላሷን ከፍ አድርገህ እይና እየመጣህ ደውልልኝ። እናትህ ደግሞ ልቃቂቱንና መርፌውን ሲነሱ ሙዳይ ውስጥ ይክደኑት።

በአጭሩ

*ለሸኖዋ፦* የድመትሽ ፀጉር ክብ ሆኖ የረገፈበት ቦታ ጭርት ይመስላል። ለልጆቹም ይተላለፋል፤ እስክትታከም አልጋ ላይ አታስተኟት። ልጆቹ ክንድ ላይ ክብ ቀይ ነገር ከወጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

*ለእነዋሪው መምህር፦* ያረጀች ድመት ውሃ አብዝታ ከጠጣች፣ አመዱ ቶሎ ቶሎ ከረጠበ፣ እየበላች ከከሳች ኩላሊቷ ወይም ስኳር ወይም እንቅርት ሊሆን ይችላል። «እርጅና ነው» አይባልም። ደም ይመርመር።

*አይጥ መርዝ ለሚጠቀሙ ሁሉ፦* መርዙን የበላ አይጥ የበላች ድመት ልትመረዝ ትችላለች። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት ከሆነ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ድዷ ይደማል፣ ትደክማለች። ቫይታሚን ኬ ያድናታል። የመርዙን ፓኬት አትጣሉ፣ አምጡልኝ።

*ድመቷ ትኩሳት እንዳላት እንዴት ላውቅ ላለችው የደብረ ብርሃን ተማሪ፦* አፍንጫዋ መድረቁ ምንም አይነግርሽም። ቴርሞሜትር ነው። በብብቷ አይደለም፣ በቂጧ ነው፤ ጫፉን ቫዝሊን ቀቢው፣ አንድ ሰው በፎጣ ጠቅልሎ ይያዝልሽ። ጤነኛ ድመት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ለሰው ትኩሳት የሆነው ለሷ ደህና ነው። ከ39.5 ካለፈ፣ ወይም ከ37.5 በታች ከወረደ ይዘሻት ነይ። ቴርሞሜትሩ ላይ ግን በፕላስተር ምልክት አድርጊበት፤ ተመልሶ ሰው አፍ ውስጥ እንዳይገባ።